ባዶውን የወጣው ቫን

ከኤል ሴሪቶ ወደ ሚልፒታስ በሚሄደው ባቡር ውስጥ አንዲት እናት ብስክሌታቸውን ደገፍ ብለው በስልክ አማርኛ ያወሩ ነበር። ስልኩን ሲዘጉ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ብድግ አለ።

«ማዘር፣ ይቀመጡ።»

«ኧረ ተቀመጥ ልጄ! እኔ የስፔንን ተራራ ወጥቼ የመጣሁ ሴት ነኝ።»

«በእግርዎ?»

«በዚችው ብስክሌት! አስቱሪያስ የሚባል ገጠር። ዳገቱን ጨረስኩ ስትል ሌላ ዳገት ይጠብቅሃል፤ ላሞቹ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ተኝተው አይነሱልህም።»

«ብቻዎን?»

«ከብስክሌት ክለባችን ጋር። ሁሉም ልጆቼ ይሆናሉ። የደከመውን የሚጭን ቫን ከኋላ ይከተለናል። ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ።»

«እየጾሙ ነው የነዱት?»

«ታዲያስ! እዚያ አገር ምግቡ አይብና ሥጋ ነው። መንገድ የሚመራን ጋይድ ሳልበላ ሲያየኝ ‹አንቺ ዛሬ ቫን ውስጥ ነሽ› አለኝ።»

«ገቡ?»

«ምን ሲደረግ! በሶዬን ከኦክላንድ ይዤ ሄጃለሁ እኮ። በኮዳዬ በጠበጥኩና ዳገቱን ቀስ እያልኩ ወጣሁት። ልጆቹ አንድ በአንድ ቫኑ ውስጥ ሲገቡ እኔ ፔዳሌን አልለቀቅኩም።»

«ጋይዱስ ምን አለ?»

«ተራራው ጫፍ ላይ ጠብቆ ‹ትራይ ላድርገው› ብሎ ኮዳዬን ተቀበለኝ። ጠብታ አላስቀረልኝም!»

«አይ ማዘር!»

«በማግስቱ ለሁሉም በጠበጥኩላቸው። የዚያን ቀን ቫኑ ተራራውን ባዶውን ወጣ።»

እኔ እግሬ ሥር የነበረውን ታጣፊ የኤሌክትሪክ ስኩተሬን በጫማዬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረግኩት።