ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈው ሰርግ

ፎቶ አንሺው እርጋታ ከሚባል ነገር ጋር ተዋውቆ አያውቅም። ቆሞ ይበላል፣ እየሄደ ያወራል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭራሽ ብሶበት ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሲከንፍ፣ በሩ ላይ ከእህቱ ልጅ ጋር ሊላተም ምንም አልቀረው። ልጅቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ተቆጣጣሪ ናት።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ምን እንዲህ ያስሮጥዎታል?»

«ተይኝ ልጄ! ፈጣን ሃርድ ዲስክ ልገዛ ነው፤ ካለው ሁሉ የሚበረውን! ቤት ያለው ማከማቻ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶ አንሺው የቀረጸውን ሁሉ የሚያስቀምጠው ዲስኮች በተደረደሩበት፣ ከቤቱ ኔትወርክ ጋር በተያያዘ አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ገና ለሙሽራይቱ ያልተሰጠ የሰርግ ፊልም አለ። አባቷ በሰርጉ መርቀዋት በሳምንቱ አረፉ። ያ ምርቃት ሌላ ቦታ የለም፤ ሙሽራይቱም ነገ ጠዋት ልትወስደው ትመጣለች።

«ሳጥኑን የት ነው ያስቀመጡት?»

«የት ይሆናል? ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት፣ አቧራ እንዳይነካው ብርድ ልብስ ደርቤለት! ውድ ዕቃ ሜዳ ላይ ይጣላል እንዴ?»

«እንግዲያው ግዢው ይቆየን፤ መጀመሪያ ቤት እንሂድ» አለች ልጅቱ።

ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ወላፈን ፊታቸውን ገረፋቸው። ልጅቱ በኮምፒውተሩ የዲስኮቹን ሙቀት አየችና ደነገጠች።

«ስልሳ ዲግሪ ደርሷል፣ ጋሼ! ከአርባ ብዙም ባያልፍ ነው ደጉ።»

«ማሽን አይደል፣ ይሞቃላ! የመኪና ሞተርስ አይሞቅም?»

«ይሞቃል፤ ግን ብርድ ልብስ አልብሰው ይነዱታል?»

ፎቶ አንሺው ሳቁ መጣበት፤ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። «አቧራውስ?» አለ።

«አቧራ በጨርቅ ይጠረጋል። የተበላሸ ዲስክ በምን ይጠረጋል?»

«እሺ፣ ፈጣኑ ዲስክ ምን በደለሽ?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ! በጣም የሚፈጥነው በጣም ይሞቃል። ለዚህ ሳጥን ረጋ ብሎ የሚዞር፣ ቀን ከሌት እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ዲስክ ነው የሚሻለው። አሁን ግን ይጠፋና ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ከሁሉ በፊት ሰርጉን ወደ ኮምፒውተሩ እንገልብጥ።»

ሳጥኑን አጠፉት። ፎቶ አንሺው ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ተመላለሰ። የሙሽራይቱ ፊት እየመጣ ይደቀንበታል፤ «ምን ብዬ እነግራታለሁ?» ይላል። ሲቀዘቅዝ አበሩትና ቬንትሌተር አዞሩበት። ግልበጣው ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ምነው ቆመ? ልጄ፣ ምነው ቆመ?»

«እንዳይነኩት! ይታገሡ።»

ቀጭ አለ፤ ዝም አለ፤ እንደገናም ቀጠለ። ሲያልቅ ፎቶ አንሺው እንባውን ሳይደብቅ አለቀሰ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ እሱን ግን መከራው አስደንግጦ ብቻ ማረው። ወዲያው ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ አኖረው። ብርድ ልብሱም አልጋው ላይ ተመለሰ። ረጋ ያሉት ዲስኮች ተገዝተው ሲገቡ ሙቀቱ ሠላሳ ስድስት ላይ ቆመ፤ የሚያስፈራው ድምፅም ጠፋ።

ጠዋት ሙሽራይቱ መጣች። አባቷ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብለው «እንዳስደሰትሽኝ ደስ ይበልሽ፣ ልጄ» ሲሉ አፏን በመዳፏ ያዘች። ደግሞ እንዲያሳያት ለመነችው፤ ደገመላት።

«አደራ፣ የትም እንዳትቆልፊበት» አላት ፎቶ አንሺው ፊልሙ የተገለበጠባቸውን ሁለት ትንንሽ ዲስኮች እያቀበላት። «አየር የሚያገኝበት አስቀምጪው። በአንዱ ብቻም አትተማመኚ፤ የማይሞት ዲስክ የለም።»

ሙሽራይቱ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሌላውን ግን በእጇ እንደያዘች ተነሣች።

«ይኼን አሁኑኑ ለእናቴ ላድርስ» አለች። «የአባቴ ድምፅ ናፍቋታል።»