በኮሌጁ ስም የተጠሩ ልጃገረዶች

በሁለት ሺህ ዐሥር ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር፣ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ ለመምህራን ስብሰባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ አውቶቡሳችን ለምሳ ደምበጫ ላይ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ግን ሻንጣዋን እንዳቀፈች ቀረች። አስተማሪ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

«ልጄ፣ እህል አትቀምሽም? ወዴት ነው ጉዞሽ?» አልኳት።

«አዲስ አበባ ነው ጋሼ። የነርስነት ትምህርት ልጀምር ነው፤ ኮሌጁ ጠርቶኝ።»

«የትኛው ኮሌጅ?»

«የፍኖተ ሰላሙ ነዋ! የአቶ ገብረሰንበት።»

አቶ ገብረሰንበትን አውቃቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን በርእሰ መምህርነት ፈጽመው ሲያበቁ በከተማችን የጤና ማሠልጠኛ ኮሌጅ የከፈቱ፣ የቡሬና የአካባቢው ገበሬ ስማቸውን ብቻ አምኖ ሴት ልጁን የሚልክላቸው ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን አንዲት የመማሪያ ክፍል እንኳ የላቸውም።

ልጅቱ ስሟ አደይ ነው። ጥሪውን እንድታሳየኝ ለመንኳትና ስልኳን ሰጠችኝ። የኮሌጁ ኢሜይል አድራሻ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት በራስጌው ተጽፏል። «ምዝገባሽ ተቀባይነት አግኝቷል። ትምህርቱ የሚሰጠው አዲስ አበባ ስለሆነ ዋናውን የትምህርት ማስረጃሽንና መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ። መናኸሪያ ሰው ይቀበልሻል» ይላል።

ወዲያው ለአቶ ገብረሰንበት ደወልኩ።

«እኔ? ኧረ ማንንም አልጠራሁ!» አሉኝ።

ይህን ስነግራት አደይ አላመነችኝም። «ታዲያ ስማቸው እዚህ ምን ይሠራል?» ብላ ተቆጣች። ቀጥላም ስልኳን መልሳ ተቀበለችኝ። «ጓደኛዬ ሰብሊም በዚሁ ጥሪ ነው የሄደች። ከሄደች ወዲህ ስልኳ አይነሣም።»

ስብሰባው ቀረብኝ። ከአደይ ጋር ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስን፣ በቀጥታም ፖሊስ ጣቢያ ገብተን አመለከትን። ሴት ልጅን በትምህርት ስም ጠርቶ ለደላላ የሚያስረክብ እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው? በዚያ ቀን የነበረብኝ ቁጣ ዛሬም አልበረደልኝም። ነገር ግን ከሌባው ሌላ የምቆጣበት ሰው እንደሚገጥመኝ ገና አላወቅሁም ነበር።

ከፖሊስ ጣቢያ ወደ ኮሌጁ ስንሄድ አደይ ደውላላቸው የነበሩት የሰብሊ አባት አያ ላቀው ከቡሬ ገጠር ደርሰው አገኘናቸው። ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ የአቶ ገብረሰንበት ቢሮ ጥግ ተቀምጠዋል። የኮምፒዩተር አስተማሪዋ ፍሬሕይወት ደግሞ ዓይኗ ደም መስሎ በሩ አጠገብ ቆማለች። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ብዙ ያልቆየች ወጣት ናት።

አቶ ገብረሰንበት እንዳዩኝ ተነሡ። «መምህር፣ እግዜር ይስጥዎ። አሁን አውጫጭ አስቀምጣለሁ። የአገሩ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ቄሱ ያወግዛሉ፤ ይህን የጻፈው ሰው የትም አይገባ!»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማንን ነው የሚሰበስቡት?» አለች ፍሬሕይወት። «የጻፈው ሰው ቡሬ ይሁን ባሕር ማዶ የሚያውቅ የለም። አውጫጭ ጎረቤት ለጎረቤት የሚተዋወቅበት አገር ሥርዓት ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? የኮሌጁ ማኅተም ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም!»

«የወረቀቱ ማኅተም አልወጣም። የድረ ገጻችን ስም ግን ሜዳ ላይ ተጥሎ ነው የከረመው። ባለፈው ዓመት ነግሬዎት አልነበረም?»

«የፈረንጅ ማስፈራሪያ ነው ብያለሁ። ዛሬም አልክድም» አሉ አቶ ገብረሰንበት። «ድረ ገጹ ይከፈታል፣ ተማሪው ይመዘገባል። ከዚህ ወዲያ ምን ጎደለ? ሌባ ሲሰርቅ የሚወቀሰው ሌባው ነው፤ ባለቤቱ ምን በደለ?»

«ሌባውማ ይወቀሳል፤ ይታሰራልም። ግን ልጃገረዶቹ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስልክ፣ ቀበሌያቸውን ሁሉ በእኛ ድረ ገጽ ሞልተው ሲልኩ ጽሑፉ ሳይቆለፍ ነው የሚጓዘው። ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ መስመሩ ላይ የሚያደባ ሰው ፖስታ ውስጥ እንዳልታሸገ ወረቀት ያነበዋል። የደህንነት ሰርተፊኬት ብናስገባ ጽሑፉ በቁልፍ ይሄዳል። እሱንም በነፃ የሚሰጡ አሉ።»

«ይሁን፤ ስማቸውን አነበበ እንበል። በእኔ አድራሻ እንዴት ይጽፋል? የይለፍ ቃሌን የት አገኘው?»

«የይለፍ ቃል አያስፈልገውም ጋሼ። ይፈቅዱልኛል? እዚሁ ላሳይዎት።»

እሳቸውም በንቀት እጃቸውን አወዛወዙ። ፍሬሕይወት ኮምፒዩተሯን ከፍታ ጥቂት ጻፈች። ወዲያው የአቶ ገብረሰንበት ስልክ ጮኸ። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፤ «ለአቶ ገብረሰንበት። ከዛሬ ጀምሮ ከኮሌጁ ኃላፊነት የተሰናበቱ መሆንዎን አስታውቃለሁ። ከሰላምታ ጋር፣ ገብረሰንበት።»

«ማነው እኔን...» አሉና አቆሙ። የላኪውን አድራሻ ደግመው አዩ። የራሳቸው ነው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ዶሜናችን ማለትም የድረ ገጻችን ስም መዝገብ አለው» አለች ፍሬሕይወት፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በዚያ ላይ ‹በእኛ ስም ኢሜይል የሚልከው ይህ ኮምፒዩተር ብቻ ነው፤ ከሌላ የመጣውን አትቀበሉ› ብለን መጻፍ ነበረብን። አልጻፍንም። ስለዚህ ያሻው ሁሉ እርስዎን ሆኖ ይጽፋል።»

ይህን ጊዜ አያ ላቀው ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ።

«አያ ገብረሰንበት፣ እኔ የዚህን ነገር ቋንቋ አላውቅም» አሉ በዝግታ። «ልጄ ‹አባቴ፣ አዲስ አበባ ሩቅ ነው› ስትለኝ፣ ‹ገብረሰንበት ከጠራሽ እንደ ጠራሁሽ ቁጠሪው፣ ሂጂ› ያልኳት እኔ ነኝ። ስምዎን እንደ ታቦት ነበር የማየው። እርስዎ ግን አልጠበቁትም።»

አቶ ገብረሰንበት ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እውነቱን ልናገርና አላዘንኩላቸውም። ያልገባንን ነገር ማስፈራሪያ ብለን ማጣጣል፣ የሚያውቀውን ወጣት «ገና ልጅ ነህ» ብሎ አፉን ማስያዝ፣ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ አደጋው ካለፈ በኋላ ማውገዝ የአንድ ሰው ጥፋት ብቻ ሆኖ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር! በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ነው።

«ልጄ፣ አጥፍቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የሚያስፈልገውን አድርጊ።»

ሥራው ግን እንደ ቃሉ አልቀለለም። የዶሜኑ መክፈቻ የይለፍ ቃል ያለው ድረ ገጹን ሠርቶ አዲስ አበባ ከገባ አንድ ሰው ዘንድ ነበር፤ ኮሌጁ የራሱን ስም ቁልፍ አልያዘም! አቶ ገብረሰንበት ሰውየውን በስልክ ሲያግባቡ፣ ሲቆጡ፣ መልሰው ሲለማመጡ ሰማኋቸው። በማግስቱ መክፈቻው ተገኘ። ፍሬሕይወት ሰርተፊኬቱን አስገባች፤ ጊዜው ሲያልፍ በራሱ እንዲታደስ አደረገች፤ መዝገቡንም ሞላች። በችኮላ ግን ማስታወቂያ የሚልክላቸውን ሌላ አገልግሎት ሳታስመዘግብ ቀርታ ኖሮ ለዞኑ ትምህርት መምሪያ የተላከው መልእክት ተመልሶ መጣ።

«ይኸው! የራሳችንን ደጅ በራሳችን ላይ ዘጋሽው!» ብለው ሽማግሌው ጮኹ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ፤ አርመዋለሁ ጋሼ» አለችና አረመችው። ከዚያም በፊት እንዳደረገችው በአቶ ገብረሰንበት ስም መልእክት ልካ ሞከረች። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ስልካቸው አልጮኸም። ሽማግሌው ስልኩን ገልብጠው አዩትና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ሰብሊን ፖሊስ ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር አዲስ አበባ አንድ ደላላ ቤት ውስጥ አገኛት። ደላላው መታወቂያቸውን ቀምቶ ድንበር ሊያሻግራቸው መኪና እየጠበቀ ነበር። ደላላው ታሰረ። መልእክቱን የጻፈው ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሰብሊ ወደ ቡሬ ስትመለስ ክንዷ ላይ ጠባሳ ነበረ፤ እንዴት እንደ መጣ ለአባቷም አልነገረችም። ይህን እያወቀ «ለቴክኖሎጂ ጊዜ የለኝም» የሚለኝን ኃላፊ ዓይን ለዓይን ማየት ያስጠላኛል።

በሚያዝያ ወር አቶ ገብረሰንበት ወደ ቡሬ ሲወርዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ድረ ገጽ ያለው አንድ የገበሬዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ አስፈቅደው ተነሡና፣ የደረሰውን ሁሉ ምንም ሳያስቀሩ፣ የራሳቸውንም ጥፋት ሳይሸፍኑ ተናገሩ። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እኛ የምንለጥፈው የበርበሬና የበቆሎ ዋጋ ነው። ከእኛ ምን ይሰረቃል?» አላቸው።

ሽማግሌው በከዘራቸው ወለሉን መቱት።

«እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር! ስምህ ይሰረቃላ! ነገ በአንተ ስም ‹በርበሬህን እዚህ ቦታ አራግፍ› ተብሎ ቢጻፍለት ይህ ሁሉ ገበሬ አህያውን ጭኖ አይሄድም? ሰርተፊኬቱ የሚላክልህን ይቆልፋል፤ መዝገቡ በስምህ የሚጽፈውን ወንበዴ ይመልሳል። የዶሜንህ መክፈቻም በሰው ኪስ አይደር፤ በማኅበሩ እጅ ይሁን። ለሰዎችህም ንገራቸው፤ በድረ ገጹ አድራሻ ጎን የቁልፍ ምልክት አየን ብለው ብቻ አይመኑ፤ ሌባም የራሱን ቤት ይቆልፋል። አድራሻውን ፊደል በፊደል ይዩ፤ ሩቅ አገር የሚጠራ መልእክት ሲመጣ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። ከእኛ ኮሌጅ ዛሬ የሚመዘገብ ልጅ ሁሉ ይህን ሳይማር አይመዘገብም።»

ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ወዲያ አልሳቀም። «ይህን የሚሠራልን ሰው ከየት እናመጣለን?» ሲል ጠየቀ።

«ልጆቻችሁን አስተምራችኋል አይደል?» አሉ አቶ ገብረሰንበት። «እንግዲያው ሲናገሩ ስሟቸው።»