ስለ ሚስተር ሃድሪል ሦስት የቃላት ካርቶኖች የተሰጠ የምስክር ቃል

የቃል ሰጪ ስም፦ ታምሲን ሮዝቪር
ዕድሜ፦ 23
አድራሻ፦ ሙና፣ ሆባርት
ትምህርት፦ በሥነ ልሳን የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ባለፈው ዓመት የተመረቀች
ሥራ፦ በቪዲዮ ጨዋታ ድርጅት የቋንቋና የስም ፈጣሪ
ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ ማርች 18 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 4:10
ቃሉን የተቀበለችው፦ ኮንስታብል ሬይሊን ስኩዝ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው እኔ፣ ዝም የማለት መብት እንዳለኝ ተነግሮኝ፣ ዝም ማለት ስለማልፈልግ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የተጠየቅሁት ቅዳሜ ማርች 16 ቀን ከአሠሪዬ ድርጅት ሦስት የጫማ ካርቶኖች ወስደሻል ወይ ተብዬ ነው። ወስጃለሁ። አልሰረቅሁም። ካርቶኖቹ አንድ ቀንም የድርጅቱ ሆነው አያውቁም፤ የሚስተር ሊንዚ ሃድሪል ናቸው። ሚስተር ሃድሪል የ74 ዓመት ጡረተኛ የጀልባ ሠሪ ሲሆኑ፣ ከ1979 ጀምሮ በሐሳባቸው ላለች አንዲት ደሴት ቋንቋ ሲፈጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እያንዳንዱን ቃል በአንድ ካርድ ላይ ይጽፋሉ፤ ከቃሉ ሥር ትርጉሙን፣ ከትርጉሙም ሥር ቃሉ እንዲፈጠር ያደረገውን የዚያን ቀን ጉዳይ ያሰፍራሉ፤ ካርዶቹን የሚያስቀምጡት በእነዚህ ካርቶኖች ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍት የምንሰበሰብ ቋንቋ ፈጣሪዎች ይህን ልማድ የተማርነው ከእሳቸው ነው።

ባለፈው ኦክቶበር ሥራ ስቀጠር በዚህች ከተማ ውስጥ ስም በማውጣት ደሞዝ የሚበላ ሰው እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አሠሪዬ ሚስተር ዶሪያን ፓስኮ ለጨዋታው ሕዝብ፣ ከተማና ወንዝ ስም ሲያስፈልገው የሚስተር ሃድሪልን ቋንቋ ያነሳሁለት እኔ ነኝ። እሳቸውም "ውሰጂው ልጄ፤ ብቻዬን ስለፈልፈው አርባ ዓመት አለፈኝ፣ እስቲ ሌላ ሰው ሲጮህበት ልስማው" ብለው ፈቀዱ። ካርቶኖቹ ተገልብጠው ሲያልቁ እንደሚመለሱ የሚገልጽ ወረቀት ፈርሜላቸዋለሁ፤ ወረቀቱ ለፖሊስ ቀርቧል።

አራት ሺህ ያህል ቃላት ወደ ኮምፒውተር አስገባሁ። ሚስተር ፓስኮ የተጫዋቹ ምላስ እንዳይተሳሰር ቃላቱን አለስልሺያቸው ስላለኝ፣ እየቆረጥኩና ድምፃቸውን እየቀየርኩ ነው ያስገባኋቸው። ትርጉማቸውንም ለጨዋታው ጦርነት እንዲመች ለወጥን። ከካርዶቹ ሥር የተጻፈውን አልገለበጥኩም። ያን ጊዜ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ እንደነበር ይመዝገብልኝ።

ሐሙስ ማርች 7 ቀን ሚስተር ሃድሪል ቤታቸው ደረጃ ላይ ስትሮክ ጥሏቸው ሆስፒታል ገቡ። ማክሰኞ ማርች 12 ከቀኑ 7:30 ገደማ ልጃቸው ብሮንዊን ደወለችልኝ። አባቷ እንግሊዝኛ ጨርሶ እንደጠፋባቸው፣ ቀንም ሌትም አንድ ነገር እንደሚደጋግሙ፣ ሐኪሙም ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው እንዳላት ነገረችኝ። ሄጄ ሰማሁ። "ቬሹም" ነው የሚሉት። የራሳቸው ቋንቋ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። ስልኬ ላይ ያለውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ የለም። ለምን እንደሌለ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ስቆርጥና ስቀይር ቃሉን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ሚስተር ሃድሪል ዐይን ዐይኔን እያዩ ደገሙልኝ። ብሮንዊን "አዋቂዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ምን እያለኝ ነው አባቴ?" አለችኝ። ካርዶቹን አመጣልሻለሁ አልኳት።

ረቡዕ ከጠዋቱ 3:00 ሚስተር ፓስኮን ካርቶኖቹን እንዲመልስ ጠየቅሁት። "ታሚ፣ ቅዳሜ እኮ የጨዋታው ምረቃ አለብን" አለኝ። ካርዶቹን ጨዋታውን ቀድመው ለገዙ ሰዎች አንድ አንድ እያደረገ በስጦታ ሊያድላቸው መሆኑን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የእጅ ጽሑፍ እንደሆኑ፣ ቅጂ እንደሌላቸው፣ ሰውየው ታመው የሚናገሩት በዚህ ቋንቋ ብቻ እንደሆነ አስረዳሁት። "ለአንድ ሽማግሌ ብዬ ደንበኛ ላስቀይም? ደግሞ የውሸት ቋንቋ ነው፣ ማን ይታመምበታል?" ብሎ ሳቀ። ቃል በቃል ያለው ይህን ነው። ሐሙስም ዓርብም በጽሑፍ ጠየቅሁት፤ መልስ አልሰጠኝም። ካርቶኖቹ ቢሮው ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 4:00 ካርቶኖቹ በምረቃው አዳራሽ በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። እንግዳ ሊገባ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሦስቱንም ደራርቤ አቅፌ ወጣሁ። አልሮጥኩም፤ ማንንም አልገፋሁም። ሚስተር ፓስኮ "ሌባ!" ብሎ ሲከተለኝ "መጀመሪያ የፈረምኩትን ወረቀት አንብብ!" ብዬዋለሁ፤ ጮኼም ሊሆን ይችላል። ብሮንዊን ውጭ በመኪናዋ ትጠብቀኝ ነበር። ሁለቱን ካርቶን አስገብቼ ሦስተኛውን ሳነሳ ፖሊስ ስለደረሰ እሷን "ንጂው!" አልኳት፤ ነዳችው። ሦስተኛው ካርቶን በማስረጃነት ተይዞ እኔ ከቀኑ 6:00 ተለቀቅሁ።

ሆስፒታል ስደርስ ብሮንዊን ካርዱን አግኝታው በእጇ ይዛዋለች። እንዲህ ይላል፦ "ቬሹም፦ አጥንት ውስጥ የተቀመጠ ሕመም። 1987፣ ከመሰላል ወድቄ፣ ሐኪሙ ምንም አልሆንክም ሲለኝ።" ካርዱን ያሳየናት ነርስ ብርድ ልብሱን ገልጣ ቀኝ ዳሌያቸውን ስትነካቸው ጮኹ። ራጅ ሲነሱ ዳሌያቸው ተሰንጥቆ ተገኘ። እግራቸውን አለማንቀሳቀሳቸው ከስትሮኩ ነው ተብሎ ታልፎ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሰውየው ምን እንደሆኑ በትክክል እየተናገሩ፣ ይቃዣሉ ሲባሉ ከረሙ። ለዚህ የተጠራ ፖሊስ የለም። ፖሊስ የተጠራው ለእኔ ነው።

እሑድ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከዛሬ ንጋት ጀምሮ ሌላ ቃል ይላሉ፤ "ሹሌን"። በሁለቱ ካርቶኖች ውስጥ የለም። ያለው እዚሁ ጣቢያ በተያዘው ካርቶን ነው። ኮንስታብል ስኩዝ ካርቶኑ ማስረጃ ስለሆነ አይነካም ብላኛለች። እኔም ማስረጃ ከሆነ ይነበብ እንጂ ብያለሁ። ለክሱ እቀርባለሁ፤ ሰውየው ግን ሌላ ዘጠኝ ቀን አይጠብቁም።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ ያልኩት ሁሉ በትክክል መስፈሩን አረጋግጫለሁ። "ጮኼም ሊሆን ይችላል" የሚለው ይሰረዝ ወይ ተብዬ፣ እውነት ስለሆነ ይቆይ ብዬ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ታምሲን ሮዝቪር
የተቀባይ ፊርማ፦ ኮንስታብል ሬይሊን ስኩዝ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪዋ ከፈረመች በኋላ፣ በኃላፊው ፈቃድ፣ የተያዘው ካርቶን ከጠዋቱ 5:25 በፊቷ ተከፍቶ ካርዱ ተገኝቷል። ጽሑፉ፦ "ሹሌን፦ አትሂዱብኝ፤ ወሬውን ግን ተዉት። 1994፣ አማቴ ሁለት ሳምንት የከረመች ጊዜ።" ይኸው ለታማሚው ልጅ ለብሮንዊን በስልክ ተነብቦላታል። ልጅቷ "ከንጋት ጀምሮ እኮ ሳወራለት ነው ያለሁት" ካለች በኋላ ስልኩን ሳትዘጋ ዝም ብላለች። መስመሩ ለአራት ደቂቃ ያህል ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ሬ.ስ.