ዳዊት ውስጥ የተደበቀው ፎርም

«ለመሆኑ ልጅቱ ወንዝ ዳር ቆማ እግሯ ቢንሸራተት ማን ይይዛታል?»

ወይዘሮ ሮማንወርቅ ይህን ጥያቄ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያመላልሱት ሰንብተው መልስ አጡለት። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ለንደን፣ ሆሎዌይ መንገድ ላይ አርባ ሦስት ቁጥር አውቶቡስ ሲሳፈሩም ጥያቄው አብሯቸው ተሳፈረ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አንዴ ይከፍቱታል፣ አንዴ ይዘጉታል። ቦርሳው ውስጥ ዳዊታቸው አለ፤ ዳዊቱ ውስጥ ደግሞ የታጠፈ ፎርም።

ፎርሙ የልጅ ልጃቸው የዳናዊት ነው። እናቷ አልታየሽ ከፓርክ ሮያል የምግብ ፋብሪካ የምትመለሰው ልጅቱ ከተኛች በኋላ ስለሆነ፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ የሚፈርሙት አያቷ ናቸው። ይህኛው ወረቀት ተማሪዎች ቅዳሜ ቴምዝ ወንዝ ከባሕር ወደሚገናኝበት ወርደው፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ በሚቀርጽ ድሮን ዓሣና ሸርጣን እንዲያጠኑ ፈቃድ ይጠይቃል። ሮማንወርቅ ገና «ወንዝ» የሚለውን እንዳነበቡ አጥፈው ደበቁት። ዳናዊት ስትጠይቃቸው «መቼ ሰጠሽኝ?» አሏት። ልጅቱ ቤቱን ገለባብጣ ፈልጋ ስታጣው ራሷ የጣለችው መስሏት አለቀሰች። ውሸት በፍቅር ቢጠቀለልም ያው ውሸት ነው። ሮማንወርቅም ይህን አላጡትም፤ ግን ፍርሃት ሲይዝ መች ለማሰብ ፋታ ይሰጣል።

በሚቀጥለው ፌርማታ ፊርደውስ ገባች። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ እዚሁ ለንደን ተወልዳ የባሕር እንስሳት ትምህርት አጥንታለች፤ የቅዳሜውንም ጉዞ ከአስተማሪዎቹ ጋር የምትመራው እሷ ናት። ትልቅ ቢጫ ሳጥን እየጎተተች መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እንደምን ዋሉ እማማ? ይቅርታ፣ ቦታ አጣበብኩብዎ።»

«ምን ተሸክመሽ ነው ልጄ? ቤት ለቀሽ ነው?»

ፊርደውስ ሳቀች። የዳናዊት ክፍል ልጆች ቅዳሜ የሚነዱት ድሮን መሆኑን ነገረቻቸው። ፎርሟን ያላመጣችው ዳናዊት ብቻ እንደሆነች፣ ነገ ጠዋት ካላመጣች ቦታዋ ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥም ጨመረችላቸው። ሮማንወርቅ ቦርሳቸውን ጨበጥ አደረጉ።

«ቢቀርባት ምን ይጎድልባታል? ዓሣ እንደሆነ ገበያው ሞልቶታል።»

«የገበያው የሞተ ነው እማማ። ስለሞተው ነው እንዴ የምትማረው?»

«አንቺ አታውቂም። ወንድሜን አዋሽ ነው የበላብኝ።»

ታሪኩን እያቆራረጡ ነገሯት። ወንድማቸው ጋሻው የጓደኛው ሠርግ እንዳያመልጠው ብሎ በክረምት ወንዙን ሊሻገር ገባ። ዳር የቆሙት ነጠላ ከነጠላ ቋጥረው ቢወረውሩለት አጠረ። ከዚያ ወዲህ በእሳቸው ቤት ወደ ውኃ መቅረብ ክልክል ሆነ። ዳናዊትንም በውኃ ዋና ትምህርት ቀን «ጉንፋን ይዟታል» እያሉ ስንቴ እንዳስቀሯት አልሸሸጓትም።

ፊርደውስ «ነፍስ ይማር» አለች። «ግን ወንድምዎ ወንዙ የቱ ጋ እንደሚጠልቅ ያውቁ ነበር?»

«ማን ያውቃል? ላዩ የረጋ ይመስል ነበር።»

«እንግዲያው የገደላቸው ውኃው ብቻ አይደለም፤ አለማወቅም ነው። እኛ ውኃ ውስጥ ሰው አናስገባም። የሚገባው ይሄ ነው። ልጆቹ ከመስጠም የሚያድን ላይፍ ጃኬት ለብሰው ከወንዙ ዳር አጥር ወዲህ ሆነው ይነዱታል።»

ሳጥኑን ከፈተችላቸው። ድስት የሚያህል ማሽን ሁለት መብራት እንደ ዓይን አፍጥጦ ተቀምጧል። ዙሪያውን ቢጫ ገመድ ተጠምጥሟል።

«ገመዱስ?»

«ምስሉ የሚመጣው በሱ ነው። ከታች አንድ ነገር ቢይዘውም በሱ ጎትተን እናወጣዋለን። መቶ ሜትር ነው።»

ሮማንወርቅ ገመዱን በጣታቸው ዳሰሱት። «ለብረት እንኳ ይሄን ያህል ይታሰብለታል» አሉ።

ፊርደውስ ስልኳን አውጥታ ባለፈው ወር የተቀረጸውን አሳየቻቸው። መጀመሪያ የደፈረሰ ውኃ ብቻ ታየ። ቀጥሎ አንድ ሸርጣን ጎኑን ሰጥቶ አለፈ። በመጨረሻም ጣት የምታህል ፍጥረት፣ ራሷ እንደ ፈረስ፣ ጅራቷን ሣር ላይ ጠምጥማ ስትወዛወዝ ታየች።

«ይሄ ጭቃ ቴምዝ ውስጥ?»

«የባሕር ፈረስ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ጎረቤትዎ ነበረች፤ አንድ ቀን ደኅና አደርሽ አላሏትም።»

ሮማንወርቅ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ፊርደውስ ግን ቀልዷን ትታ ወደ ቁም ነገሩ ተመለሰች።

«እማማ፣ ልጅ ወደ ወንዝ መሄዷ አይቀርም። ከአስተማሪ ጋር ከሄደች ውኃው መቼ እንደሚሞላ፣ የቱ ጋ እንደሚያንሸራትት ታውቃለች። ታች ያለውን ነፍስ ያየች ልጅ ፌስታልም አትጥልበትም። ከከለከሏት ግን አንድ ቀን ተደብቃ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ገመድም የለ፣ የሚይዛትም የለ።»

ይህችኛዋ ቃል ከገመዱም ረዝማ ልባቸው ደረሰች። ሮማንወርቅ የሰነበተ ጥያቄያቸውን ከነመልሱ ያገኙት እዚህ ላይ ነው። ልጅን ከውኃ የሚያድናት እውቀት ነው፤ የእሳቸው መደበቅ ግን እሷንም መደበቅ ሊያስተምራት ነው።

«እስክሪብቶ አለሽ?»

ፎርሙ ከዳዊቱ ሲወጣ ፊርደውስ አየች። ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። ፈርመው ሊሰጧት እጃቸውን ሲዘረጉ ግን አልተቀበለችም።

«ለሷ በእጅዎ ይስጧት እማማ። የዋና ትምህርቱም ጉንፋን ይብቃው።»

ዓርብ ጠዋት ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፣ ከጎኑም የሱፍ ኮፍያ። ዳናዊት ወረቀቱን አነሣች። እጥፋቱን አየች፤ ከዳዊቱ የያዘው የጧፍ ሽታም ሳይደርሳት አልቀረም። ሮማንወርቅ ሌሊቱን ሲያዘጋጁት ያደሩት «ተጠንቀቂ፣ አትጠጊ፣ የአስተማሪሽን እጅ ያዢ» ሁሉ አፋቸው ላይ ነበር። ዋጡት።

«እኔ ነኝ የደበቅሁብሽ» አሉ። «ፈርቼ ነው።»

ልጅቱ አየቻቸው፤ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ፎርሙን ቦርሳዋ ከተተች። ኮፍያውን እስከ ጆሮዋ ስባ አጠለቀች፤ በሩን ሳታላትም ዘግታ ወጣች።