ሳቅ የተከለከልኩ ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ቡአ የወጣበት ሰው ሆዱን በመቀነት ጥፍር አድርጎ ያስራል እንጂ ሐኪም ቤት ማን ይሄዳል። እኔ ነቀምት የቡና ጆንያ ስሸከም ነው እንብርቴ ላይ የወጣብኝ። ስተኛ ይገባል፣ ስነሳ ይወጣል። ታዲያ ሲብስብኝ ሄድኩና ፈረንጁ ሐኪም ቀዳዳውን ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ሰፋኝ። እና ቤቴ ተኝቼ ሳለሁ ጓደኛዬ ዋቅጋሪ ሊጠይቀኝ መጣ። የከተማው ዳኛ ችሎት ላይ ሲያስነጥሱ እንዴት እንደሚሆኑ አስመስሎ አሳየኝ። ሳቅኩ። ስፌቱ ተተረተረ።

ሐኪሙ ተቆጣ፤ በአስተርጓሚ ነው የሚናገረው። «ወይ ቀበቶ አስረህ እንዲሁ ትኖራለህ፣ አንድ ቀን አንጀትህ እዚያው ታንቆ ይገድልሃል። ወይ እንደገና ከፍቼ አሁን አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ እደርበዋለሁ፣ እንደ ካፖርት ደረት። ይሄም ከተቀደደ ግን የምሰፋበት ሥጋ አይተርፍህም።»

«ይስፉት» አልኩ።

«እንግዲያው ሸክም የለም፣ ሳቅም የለም።»

ታዲያ በእኛ አገር የታመመ ሰው ይጠየቃል፣ ጠያቂ አይመለስም። ምን ይደረግ? ባለቤቴ ጫልቱ ደጅ ላይ በርጩማ አወጣችና ተቀመጠች። «አካም፣ ኦቦ። እርስዎ ጨዋታ ያውቃሉ?» ትላለች። «ኧረ እኔ ምን አውቄ» ካለ ይገባል። ሰው ሁሉ አኮረፈ። የተከለከለው አኮረፈ፣ ደግሞ ሳትጠይቅ ያስገባችው ይበልጥ አኮረፈ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ በየቀኑ ገብቶ ስለ መሬት ልኬት ያወራኝ ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ ቁስሌ በእሱ ነው የጠገገው።

ዋቅጋሪንማ፣ «ባሌን ልትገልብኝ ነው?» አለችው።

«እሺ፣ ጫልቱ ኮ፣ ጫልቱዬ» ብሎ ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ፣ በሳልስቱም መጣ፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በኋላ አሳዘናትና፣ «ግባ፣ ቃል እንዳትተነፍስ» አለችው።

ገባ። በጋቢው አፉን ሸፍኖ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቁጭ አለ። ያ ለፍላፊ! እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፣ አንጀቴን በላው፣ እንባዬ መጣ።

ጫልቱ ድምፅ ሰምታ ሮጣ ገባች። «ሳቀ እንዴ?»

«አልሳቀም፣ እያለቀሰ ነው» አላት፤ እሱም እያለቀሰ።

ቆማ አሰበች። «ሐኪሙ ስለ ልቅሶ ምንም አላለም» አለችና በሩን ዘግታብን ወጣች።

ስፌቱ ይኸው እስከ ዛሬ አልተፈታም። ዋቅጋሪ አፈር ከገባ ግን ቆየ። አሁን እንዳሻኝ ሳቅ ተፈቅዶልኛል፣ የሚያስቀኝ ነው የጠፋው።