ሻይ እንኳ ሳትጠጡ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘርፈሽዋል የምትንከባከባቸውን ጣሊያናዊት አሮጊት፣ ሲኞራን፣ ለልጃቸው አስረክባ ወደ ሮም ባቡር ጣቢያ፣ ወደ ተርሚኒ ወጣች። አስመሬዋ ጓደኛዋ ልዕልቲ እንደወትሮው ባሩ ጥግ ቦታ ይዛ ትጠብቃታለች። ዘርፈሽዋል ካፖርቷን ሳታወልቅ ከኋላቸው ባለው ጠረጴዛ ያቺን ልጅ ከነሕፃን ጋሪዋ አየቻት። ከአገር ቤት መጥታ ሮም የገባች ሰሞን አራት ወር ሙሉ የዘርፈሽዋልን አልጋ ተጋርታ የኖረች ናት፤ አሁን አግብታ ከተማው ዳር፣ ሮማኒና ሰፈር ቤት ይዛለች። ባለፈው እሑድ ሁለቱ ጓደኛሞች አራስ ሊጠይቁ የሄዱት እሷው ዘንድ ነበር። ዛሬ በአገጯ ብቻ ሰላም አለቻቸውና ፊቷን መለሰች።

ዘርፈሽዋል ፈገግ ብላ ተቀመጠች፤ ድምፅዋንም ከፍ አደረገች።

«እንዴት ነሽ ልዕልቲዬ? ብርዱስ? ትራሙ ዛሬም ሾፔሮ ነው፣ አድማ መትተዋል አሉ... እኔማ በእግሬ መጣሁ። እሑድ ለታስ ገንፎውን በፎጣ ጠቅልለን፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረን አልሄድንም? ደግሞ እንዴት ያለ ቤት ነው ያየነው! ምድጃው ሲያብለጨልጭ... እሳት ነክቶትም የሚያውቅ አይመስል።

«የሰው ባህል መቼም ይገርመኛል። እናንተ ሻዩን በቅርንፉድና በቀረፋ አፍልታችሁ፣ እንግዳው 'በቃኝ' እያለ ትሞሉበታላችሁ። አንቺ ቤት አራተኛውን ብርጭቆ በልመና አይደል ያመለጥኩት? እኛ አዲስ አበባዎች ደግሞ 'አይ፣ አትቸገሪ' ስንባል ጆሯችን አይሰማም፤ ውሃው ተጥዷል። እናንተም ጋ እኛም ጋ 'አይ' ማለት 'አፍዪው' ማለት ነው፤ ተሳሳትኩ? አሎራ፣ እንግዲህ... የእሷ ግን ሌላ ነው። 'ሻይ ትጠጣላችሁ?' አለች። 'አይ፣ አትቸገሪ' አልን። 'ቫ ቤኔ፣ እሺ' ብላ ቁጭ! እንዴት ያለች የሰው ቃል አክባሪ ናት? የኔ ሲኞራ እንኳ በዘጠና ዓመታቸው፣ ቧንቧ ሊጠግን የመጣውን ሰው ቡና ሳያጠጡ አይለቁትም። እሷ ከጣሊያኖቹም በለጠች... ጎበዝ አይደለች?»

ከኋላቸው የማንኪያው ድምፅ ቆመ። ልዕልቲ ሳቋን በሶፍት አፈነች። ዘርፈሽዋልም ሳቀች፤ እሑድ ቤቷ ገብታ ማልቀሷን ግን ለልዕልቲ እንኳ አልነገረቻትም።

«አሳቢነቷስ! ሁለት ሰዓት ተቀምጠን፣ ምላሳችን ላንቃችን ላይ ተጣብቆ በሩ ላይ ስንደርስ ምን አለችን? 'ኧረ ሻይ እንኳ ሳትጠጡ!' አንጀቴን በላችው። ከየት ተማረችው ይሆን? ከእኔ እንዳልል... እኔ ሳልጠይቃት ነበር የምቀዳላት። አይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወንበር ተንፏቀቀ። ጋሪው በአጠገባቸው ሲያልፍ ዘርፈሽዋል ጎንበስ ብላ የሕፃኑን ጉንጭ በስስት ዳሰሰች። ከዚያ ወደ ልዕልቲ ዞራ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ምን ልበል እንግዲህ፣ ከመመረቅ በቀር? ልጇን ያሳድግላት፤ ቤቷን ይሙላላት። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ ደክሟት ሰማይ ቤት በር ላይ ስትደርስ... ጌታ ልክ እኛን እንደተቀበለችን ይቀበላት። አሜን በይ እንጂ፣ ልዕልቲ!»