ተመርቆ የሚያነብ ሰው

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህም ላልሰማው አሰማ። በ፲፱፻፷፪ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር በሁለተኛው እሑድ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ በሰበታ ከተማ በእህል ነጋዴው በአቶ ተድላ ደጃፍ ላይ ሁለት ክንድ ርዝመት ያለው የቆርቆሮ ሰሌዳ በአራት ምስማር ተመትቶ ተሰቅሏል። በሰሌዳውም ላይ «መሐንዲስ አሥራት ተድላ» የሚል ቃል በቀይ ቀለም ሰፍሯል። ይህንኑ ለማየት ወይዘሮ ማሪቱ ከነጃንጥላቸው ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል። ወይዘሮ ማሪቱ ያዩትን ደግሞ ከተማው ሁሉ እንዳየው ይቆጠራል።

እኔ የአቶ ተድላ ጎረቤት ነኝ። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወረቀት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው አሳልፋለሁ፤ ሥራዬን ስጨርስ በአውቶቡስ ወደ ሰበታ እመለሳለሁ። ሰሌዳው በተሰቀለ በሁለተኛው ወር፣ በታኅሣሥ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ፉሪ ሲደርስ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲከራከሩ እኔ እግሬን ላፍታታ ብዬ ዳገቱን ወጣሁ። ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ነጠላውን የተከናነበ ወጣት ተቀምጧል። የዳዊት ማኅደር ጭኑ ላይ አድርጎ ከንፈሩን ያነቃንቃል። ጠጋ ብዬ ባየው የአቶ ተድላ ልጅ አሥራት ነው።

«ልትመነኩስ ነው የሚሉት እውነት ነው?» አልኩት።

«ድምፅህን ቀንስ፤ ዳዊት እየደገምኩ ነው» አለና ማኅደሩን ወደ እኔ ከፈት አደረገው። ውስጡ ያለው ዳዊት አልነበረም። ስለ አፈርና ስለ ሕንፃ መሠረት የተጻፈ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው።

«አንተ ተመርቀህ የለም እንዴ?»

«ተመርቄያለሁ። ፕላን ላይ ለመፈረም ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጡት ከምርቃት በኋላ የሙያ ፈተና ላለፈ ሰው ነው። ጥር ሃያ እፈተናለሁ።»

«ታዲያ እቤትህ ሆነህ አታነብም?»

«ሰበታ ውስጥ? ሰበታ ውስጥ ተመርቆ የሚያነብ ሰው ማለት የወደቀ ሰው ማለት ነው። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ሁለት ገጽ ሳነብ እትዬ ማሪቱ አለፉ። በማግሥቱ እናቴን ሦስት ሰው እግዚአብሔር ያጥናሽ አላት። ዳዊት ሲሆን ግን ማንም አይናገርም።»

ልጁን አልፈረድኩበትም። እኛ ዘንድ ትምህርት እንደ ማዕድ ነው፤ ቀርቦ ተበልቶ ያልቃል፣ እጅ ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ ወደ ገበታው የተመለሰ ሰው ወይ ሆዳም ነው ወይ አልጠገበም። ሁለቱም ለወላጅ ያሳፍራል።

«የጨነቀኝ ሌላ ነው» አለ አሥራት ማኅደሩን እየዘጋ። «ከደብሩ አጠገብ ለሚሠራው ትምህርት ቤት የኮሚቴው ሊቀ መንበር አባቴ ነው። ፕላኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ትፈርማለህ ይለኛል። ፈቃድ የለኝም ስለው ሰሌዳ አለህ ይለኛል።»

ጎማው ተለውጦ አብረን ሰበታ ገባን። ከደብሩ በታች ባለው ሜዳ ላይ አቶ ተድላ ቆመው ሲባጎ ያስወጥራሉ። ሲባጎውን የሚወጥሩት ግንበኛው ኦቦ ገርባ ናቸው። በዚህ አካባቢ ካለው የድንጋይ ግንብ እኩሌታው የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። በየክንዱ ምልክት የተቆረጠበት፣ ሦስት ክንድ የሚሆን ዘንግ ከእጃቸው አይለይም።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ ገርባ» ብሎ አሥራት በኦሮምኛ እንዴት ዋሉ አላቸው።

«ነጋ፣ ልጄ፣ ነጋ» ሲሉ ሰላም መሆኑን መለሱለት።

«ጎረቤት፣ በደግ ጊዜ መጣህ» አሉኝ አቶ ተድላ። «አንተ የቢሮ ሰው ነህ፤ ይህን ልጅ ምከርልኝ። ዳዊት አበዛ። ሰኞ ይፈርማል፣ ማክሰኞ እንቆፍራለን፣ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ እናለብሳለን።»

«ፊርማው ይቆይ፣ አቶ ተድላ። መጀመሪያ ፈተናውን ይውሰድ» አልኩ።

«የምን ፈተና? አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲፈተን ኖረ። ካባ ለበሰ፣ ቆብ ደፋ፣ እኔም በሬ ጣልኩ። ከዚህ ወዲያ ፈተና ማለት እንግዶቹን ሰብስበህ የበሉትን በሬ መልሱ በላቸው ማለት ነው።»

«ምርቃቱ ተምሯል ብሎ መሰከረለት። ፈተናው የሚመሰክረው ሌላ ነው፤ ብቻውን ቢፈርም ሰው አይጎዳም ብሎ ነው።»

«እስቲ እንጠያየቅ። የተካነ ቄስ ተመልሰህ ፊደል ቁጠር ይባላል?»

«ቄስ ቢሳሳት ከጎኑ የሚያርመው ዲያቆን አለ። አሥራት ከፈረመ በኋላ ማን ያርመዋል?»

«ልጄ ለምን ይሳሳታል?»

«ይሁን። ያመጣንን ሾፌር ይመልከቱ። ሃያ ዓመት ነድቷል፤ ያለ መንጃ ፈቃድ ግን ኬላውን አያልፍም።»

«እሱማ ደግ አደረጉ። አውቶቡስ ይሄዳል፣ ሰው ይገጫል። ግድግዳ ግን ተተክሎ የሚኖር ነገር ነው። ግድግዳ አይሄድም።»

ለዚህ ሦስት ክፍል ያለው መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ጥሩ መልስ ነበር፤ ከመግቢያው በስተቀር ማንም አልሰማውም።

«ይሄዳል» አሉ ኦቦ ገርባ።

ሲባጎውን ለቀው ወደ ሜዳው መሐል ሄዱ። በታኅሣሥ የሰበታ ጥቁር አፈር ተሰነጣጥቆ የበሬ እግር ይውጣል። ዘንጋቸውን በአንዱ ስንጥቅ ውስጥ ሰደዱት። አንድ ክንድ ገባ፣ ሁለት ገባ፣ ሦስተኛው ክንድ ገብቶ እጃቸው መሬት ነካ።

«ገና አላለቀም» አሉ። «ይህ ኮቲቻ ነው። ክረምት ይጠጣና ያብጣል፣ በጋ ደርቆ አፉን ይከፍታል። ላዩ ላይ የቆመው ነገር አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ግድግዳ እንዲህ ነው የሚሄደው። አሥራት ልጄ፣ በወረቀትህ መሠረቱ ስንት ክንድ ነው?»

«ሁለት።»

«ለምን ሁለት?»

አሥራት አባቱን አየና አንገቱን ደፋ። «አባቴ ድንጋይና ሲሚንቶ እንዳይበዛ ሁለት ይበቃል አለኝ። እኔም ስንት እንደሚበቃ አላወቅሁም። የተማርነው ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ነው፤ የጸሐፊው አገር አፈር ጨዋ ነው፣ ባስቀመጡት ይቀመጣል። ፈተናው ግን የሚጠይቀው ስለዚህ ስለ እኛው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ፉሪ ላይ የማነበው እሱን ነው። ገና አልጨረስኩም።»

«አላወቅሁም» አሉ ኦቦ ገርባ፣ ቃሉን እንደ ጥርብ ድንጋይ እየመዘኑት። «የቡራዩው መሐንዲስ እንዲህ ሲል አልሰማሁትም።»

አንባቢዬ የቡራዩን ነገር ማወቅ አለበት። ከሁለት ክረምት በፊት አቶ ተድላ ቡራዩ ላይ የእህል መጋዘን አሠርተው ነበር። ፕላኑን ያወጣው ከተመረቀ ሦስት ወር ያልሞላው ወጣት ነው፤ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም፣ ካባ ለብሶ የተነሳው ፎቶግራፍ ነበረውና። ግንቡን የገነቡት ኦቦ ገርባ ናቸው። ነሐሴ ላይ አንዱ ግድግዳ ተደረመሰ። ከሥሩ የቀረው ሁንዴ፣ የኦቦ ገርባ ልጅ፣ የሁለት ልጆች አባት ነበር። ከተማው የዝናብ ቁጣ ነው አለ። አቶ ተድላም በሬ ገዝተው ተዝካሩን አወጡ፤ እንግዲህ የእሳቸው በሬ ለምርቃትም ለሙታንም እኩል ያገለግላል ማለት ነው።

«መሠረቱ አንድ ክንድ ተኩል ነበር» አሉ ኦቦ ገርባ። «እንጨምር ብዬ ነበር።»

«መሐንዲሱ ይበቃል አለ» አሉ አቶ ተድላ። «የተመረቀ ሰው ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

«እርስዎ ደግሞ አንተ ማን ነህ አሉኝ።»

«የዚያን ዓመት ዝናብ እኮ…»

«ዝናብ በየዓመቱ አለ፣ ጌታው። ሁንዴ ግን አንድ ነበር።»

አቶ ተድላ ስንጥቁን ለረጅም ጊዜ አዩት። ወደፊት ልጆች የሚቀመጡበት ቦታ እንደሆነ ያን ጊዜ ገና ያዩት ይመስል ነበር። ከዚያ፣ በአሥር ዓመት ጉርብትናችን ለግንበኛ ሲናገሩት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «አንቱ ቢሆኑ ስንት ይቆፍራሉ?» አሉ።

«ጥቁሩ እስኪያልቅ። ስንት ላይ እንደሚያልቅ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ይመርምረው።»

አቶ ተድላ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ፈተናው መቼ ነው ያልከኝ?»

«ጥር ሃያ።»

«በል አንብብ።»

«ፉሪ ሄጄ?»

«እቤትህ። በረንዳው ላይ። ያለ ማኅደር።»

የመጣው ጥቅም ይህ ነው፤ ዘርዝሮ ማለፍ ይገባል። አሥራት በጥር ተፈተነና አለፈ። ትምህርት ቤቱ አንድ ዓመት ዘገየ። ኦቦ ገርባ አምስት ክንድ ሲቆፈር ከጥቁሩ ሥር ጠንካራውን ቀይ አፈር አገኙ፤ ግድግዳው ከዚያ ተነስቶ ሁለት ክረምት አሳልፏል፣ እስከ ዛሬ አልሄደም። ፈተና የተማረን ሰው ማዋረጃ አይደለም። «አላወቅሁም» የሚለውን ቃል ሰው ከመሞቱ በፊት የሚያናግር ዘዴ ነው፤ የመጋዘኑ መሐንዲስ ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ ቃሉን በወረቀት ላይ ይለው ነበር፣ ሁንዴም ልጆቹን ያሳድግ ነበር። ሰሌዳ የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ነው። ፈቃድ ግን የሚናገረው ከጣሪያው ሥር ስለሚቀመጡት ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ የሰበታ ሰው ያምናል። የቡራዩው አደጋ ግን አሁንም የዝናብ ቁጣ ነው የሚባለው፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ወደዚያው ታኅሣሥ መመለስ ይኖርብናል።

በተከታዩ እሑድ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ አቶ ተድላ ከደጃፋቸው መሰላል አቁመው መዶሻ ይዘው ወጡ። መሰላሉን ከታች የያዙት ኦቦ ገርባ ናቸው። አሥራት በረንዳው ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን በግልጽ ያነባል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ መንገዱ ላይ ቆመ። ወይዘሮ ማሪቱ ከፊት ነበሩ።

«አቶ ተድላ፣ ምነው በደህና? ልጁ ወደቀ እንዴ?»

«አልወደቀም።» አንደኛው ምስማር ተነቀለ።

«ታዲያ መሐንዲስ አይደለም ማለት ነው?»

«ይሆናል።» ሁለተኛው ተነቀለ።

«ትምህርት ቤቱም ቀረ አሉ። ሰው እኮ የኮሚቴውን ገንዘብ በላው እያለ ነው፤ እኔ እንኳ አላልኩም።»

ሦስተኛው ተነቀለና ሰሌዳው በአንድ ምስማር ተንጠለጠለ። ኦቦ ገርባ ቀና ብለው ያዩአቸዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ቡራዩ ላይ ጨምር ቢሉኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ ማለት ብቻ። ኦቦ ገርባ ያን ዓረፍተ ነገር ሁለት ክረምት ጠብቀዋል፤ መሰላሉን የያዙትም፣ እኔ እንደመሰለኝ፣ እሱን ለመስማት ነው። አቶ ተድላ ወደ ታች አዩ። ከንፈራቸው ሲላቀቅ አይቻለሁ።

«እንግዲያው ለምን ያወርዱታል?» አሉ ወይዘሮ ማሪቱ።

አቶ ተድላ አራተኛውን ምስማር ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና ሰሌዳውን በብብታቸው ያዙት።

«አልናገርም» አሉ።